ስሟ ያልተጻፈ ባለውለታ

«አገልጋይ» የሚለው ቃል በእኔ ዕድሜ ውስጥ ከታች ተነሥቶ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። በልጅነቴ አገልጋይ ማለት እንጨት የሚፈልጥ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ጌታው በልቶ እስኪነሣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። «ልጄ አድጎ አገልጋይ ይሁንልኝ» ብላ የተሳለች እናት አላውቅም። ዛሬ ቃሉ ማዕረግ ሆኗል። በየአዳራሹ በር ላይ በሚሰቀለው ማስታወቂያ «አገልጋይ እከሌ» ተብሎ ከስም በፊት ይጻፋል፤ ልክ እንደ «ዶክተር»፣ ልክ እንደ ድሮው «ፊታውራሪ»። አገልጋዩ ሲመጣ አንዱ ቦርሳውን ይቀበለዋል፣ ሌላው የመኪናውን በር ይከፍትለታል። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃል እንዲህ ልብሱን ሲቀይር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ነገሩ የኛ አገር ብቻ፣ የዛሬም ብቻ አይደለም። «ሚኒስትር» በላቲን አገልጋይ ማለት ነው። «ዲያቆን»ም በግሪክ ያው አገልጋይ ነው። ሁለቱም ቃላት ከማጀት ተነሥተው ነው ዛሬ ካሉበት የደረሱት። ሚኒስትሩ ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ ቢያውቀውም ጠዋት ጠዋት ትዝ የሚለው አይመስለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ «አገልጋይ መሪነት» የተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ አንደበቱ ቀና። ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለና ጫፉ ላይ «መሪ»፣ ግርጌው ላይ «ሕዝብ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ሦስት ማዕዘኑን ገልብጦ ሣለው፤ ሕዝቡ ላይ፣ መሪው ታች ሆነ። «አገልጋይ መሪነት ማለት ይህ ነው» አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሥዕሉን ገለበጠው እንጂ ወንበሩን መች ነካው?» አሉኝ። ከዚያ ሻይ ወጣን፤ ከሻይ በኋላ ስለ አበል ሰፊ ውይይት ተደረገ።

ይህ «አገልጋይ መሪነት» የሚባለው ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሮበርት ግሪንሊፍ የሚባል፣ ወደ አርባ ዓመት ገደማ በትልቁ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ውስጥ የሠራ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ስያሜውን ሰጠው። እኔን ደስ የሚለኝ ሐሳቡን ያገኘው ከልብ ወለድ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ደራሲ ኸርማን ሄሰ ወደ ምሥራቅ ስለሚደረግ ጉዞ በጻፈው አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ሊዮ የሚባል አገልጋይ አለ። የመንገደኞቹን ዕቃ ይሸከማል፣ ያፏጫል፣ ይዘፍናል። አንድ ቀን ሊዮ ይጠፋል። ያን ጊዜ መንገደኞቹ ይጣላሉ፣ ይበታተናሉ፣ ጉዞውም ይቀራል። አንድ ላይ ይዟቸው የነበረው እሱ ኖሯል!

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ምንኛ ባማረ። ግን አያበቃም። በመጨረሻ ሊዮ የማኅበሩ የበላይ አለቃ ሆኖ ይገኛል። አገልጋይ የመሰለን ሰው ለካ ጌታ ነበር። እኔ ይህን መጨረሻ አልወደውም። ለምን አገልጋይ ብቻ ሆኖ አልቀረም? ዕቃ ተሸካሚው ታላቅ ሊባል የግድ በስውር ንጉሥ መሆን ነበረበት? በኛም አገር ንጉሡ የደሃ ልብስ ለብሶ ሌሊት ከተማ ለከተማ ሲዞር የሚያሳዩ ተረቶች ሞልተዋል፤ በማግሥቱ ካባውን ሲለብስ ሁሉም ይደነግጣል፣ አድማጩም ይረካል። እውነተኛው ደሃ ግን በማግሥቱም ያችኑ ልብስ ለብሶ ነው የሚነሣው። ስለሱ የሚተርክ የለም።

ወንጌሉንም ባነበብኩት ቁጥር የሚቆረቁረኝ ይኸው ነገር ነው። የዘብዴዎስ ልጆች በቀኝና በግራ ለመቀመጥ ለምነዋል። ማርቆስ ጥያቄውን ራሳቸው እንዳቀረቡት ይጽፋል፤ ማቴዎስ ደግሞ እናታቸውን ያስጠይቃታል። (አንድ ተማሪዬ «እናት ለልጇ ሥልጣን ስትለምን ይቅርታ ይደረግላታል ብሎ ነው» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አስቆናል።) ሌሎቹ ዐሥሩ ተቆጡ። ለምን ተቆጡ? ጥያቄው ነውር ስለሆነ አይመስለኝም፤ ስለተቀደሙ እንጂ። መልሱ የታወቀ ነው፤ ከእናንተ ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን የሚል ነው።

ታዲያ ጣጣው ይኸ ነው። ታላቅ ልሆን ብዬ ካገለገልኩ አገልግሎቴ መሰላል ሆነ ማለት ነው። አንድ እግሬን ደሃው ትከሻ ላይ አድርጌ እየወጣሁ ነው። ምርጫ ሲደርስ ከገበሬ ጋር ሞፈር ጨብጦ ፎቶ የሚነሣው ሹም ያደረገው ይህንኑ ነው። ታላቅነቱን ሳልፈልግ ካገለገልኩ ደግሞ ቃሉ የተነገረው ለእኔ አይደለም፤ የተነገረው ለሚፈልግ ሰው ነውና። ሊቃውንቱ ለዚህ ብዙ ትርጓሜ አላቸው፤ እኔ መልሱን የምፈልገው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎጃም ደጃፍ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን እግር ይታጠባል። ሊቀ ጳጳሱ ወይም ካህኑ ወገቡን ታጥቆ፣ ዝቅ ብሎ፣ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባል። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ልቡ የማይነካ ሰው ይኖራል አልልም። ግን አስቡት፤ በጎጃም ደጋ እግር የሚታጠበው በዓመት አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ ይታጠብ ነበር። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ፣ አባወራው ከእርሻ ሲመለስ፣ ውሃ ይሞቅና ይቀርባል። አጣቢዋ ሚስት ናት፣ ልጅ ናት፣ አለዚያም የቤቱ አገልጋይ ናት። የጌታ ሥራ ደቀ መዛሙርቱን ያስደነገጠው ጌታ የአገልጋይን ሥራ ስለሠራ ነው። አገልጋይዋ የአገልጋይን ሥራ ስትሠራስ ማን ደነገጠ? ላይ ያለው ሰው ዝቅ ሲል እናለቅሳለን፤ ፊትም ዝቅ ብላ የኖረችውን ግን አናያትም።

በግዴታ የተደረገ ነገር ርኅራኄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እምቢ ብትል በትር የሚጠብቃት ሚስት እግር ማጠቧ ትሕትና ነው ብዬ አላሞግሳትም። እንዲህ ያለውን ነገር «የጥንት ጨዋነት» እያሉ የሚያደንቁ ሰዎች ገንዳው አጠገብ ተንበርክከው አያውቁም። ስለዚህ ምሳሌዬን ማንም የማያስገድድበት ቦታ መፈለግ አለብኝ። እሱም ሩቅ አይደለም። የዚያችው ሴት ደጃፍ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ እዚሁ ናቸው፤ ሦስተኛው ዋድላ ወሎ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ ደብረ ኤልያስ አለ። ከየአቅጣጫው፣ ከሸዋም ከወሎም ከጎንደርም፣ ልጆች የአባታቸውን ቤት እየጣሉ እዚህ ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ ጠፍተው ነው የሚመጡት። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዘው። የጮቄ ብርድ ደበሎ አይመክተውም። ማደሪያቸው ከየኔታ ቤት አጠገብ ራሳቸው የቀለሷት፣ ከውሻ ቤት እምብዛም የማትሰፋ ጎጆ ናት።

ይህ ሁሉ ተማሪ ምን ይበላ ነበር? የትምህርት ሚኒስቴር አልነበረም። ርዳታ ድርጅት አልነበረም። ንጉሡ ለደብሩ መሬት ሰጥቶ ይሆናል፤ መሬቱን የሚበላው ግን ካህኑና አለቃው ነው። የቆሎ ተማሪው ከሰዓት በኋላ አኩፋዳውን ይዞ ወደ መንደር ይወርዳል። ከደጃፍ ራቅ ብሎ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። ውሻ ይጮኻል። አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። ያላት እንደሆነ ቁራሽ እንጀራ ወይ እፍኝ ቆሎ፣ አንዳንዴም የባቄላ ንፍሮ ትሰጠዋለች። የሌላት እንደሆነ «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» ትለዋለች። ሄዶ ቀጣዩ ቤት ይቆማል። ማታ ብዙ ያገኘው ላላገኘው ያካፍላል፤ ታሞ የተኛ ካለ የሱ ድርሻ ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ቅኔው።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። አንድ ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር፣ ተቀኝቶም ለማስመስከር ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ዜማውን፣ መጻሕፍቱን ሲጨምር ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ይሆናል። በየቀኑ ስንት ደጃፍ? አንድ ሊቅ ስንት ሺህ ቁራሽ በልቶ ሊቅ ሆነ? የሊቁን ስም እናውቃለን። የየኔታውን ስም እናውቃለን፤ የመምህሩ መምህር ማን እንደነበረ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩልን አሉ። ቁራሽ የሰጠችውን ሴት ስም የሚያውቅ አንድም የለም። እሷ ራሷ ማንን እንዳበላች አታውቅም። ያ በብርድ የተቆራመደ፣ እግሩ በእሾህ የደማ ልጅ ነገ ጳጳስ ይሁን፣ ባለቅኔ ይሁን፣ አቋርጦ ነጋዴ ይሁን፣ ወይ በተስቦ ይሙት ምን ታውቃለች?

ብዙ ያብሰለሰልኩትን ጥያቄ የሚፈታልኝ ይህ አለማወቋ ነው። ቁራሿ መሰላል ልትሆን አትችልም፤ ምክንያቱም የት እንደምታደርስ አታውቅም። ታላቅ ለመሆን አልሰጠችም፤ ተማሪው መራቡን ስላየች ሰጠች። የማርያም ስም ሲጠራ እጇን ወደ ሞሰቡ ሰደደች። አለቀ። ግን ያ ሁሉ ትልቅ ነገር የቆመው በዚያ ሞሰብ ላይ ነው። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው፣ ከዚህ የትምህርት ዓለም ነው የወጣው። ሀዲስ ዓለማየሁም እንዲሁ። ሁለቱ ያስተማሩን አማርኛ በነዚያ ሴቶች ቁራሽ ከተያዘ የትምህርት ቤት ሥርዓት የፈለቀ ነው። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስናስተምር ደራሲያንን፣ ዘመናትን፣ ማተሚያ ቤቶችን እንዘረዝራለን። የሞሰቡ ምዕራፍ በየትኛውም የትምህርት መርሐ ግብር ውስጥ ገብቶ አላየሁም።

ነገሥታቱ ጭራሽ አላገለገሉም ማለቴ አይደለም። በ1874 ዓ.ም እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው በምኒልክ እጅ ሲወድቁ፣ ምኒልክ የጠላታቸውን ቁስል በእጃቸው አጠቡ እየተባለ ይተረካል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በክፉው ቀን፣ በሽታ የአገሩን ከብት ጠራርጎ በጨረሰ ጊዜ፣ ገበሬው ያለ በሬ ማረስ አልችል ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ያው ምኒልክ ዶማ አንሥተው መሬት ቆፍረዋል፤ መኳንንቱም እያፈሩ ተከትለው ቆፈሩ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ንጉሥ ዶማ ሲያነሣ ዶማ ማንሣት ውርደት መሆኑ ይቀራል፤ ያን ማድረግ የሚችለው ንጉሥ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ታሪኩ የተጻፈው። ያን ዶማ የሠራው ቀጥቃጭ ግን በዚያው ዘመን ቡዳ እየተባለ ከሰው ማዕድ ተለይቶ ይበላ ነበር። ንጉሡም ዶማውን ለጥቂት ቀን ነው የጨበጡት፤ ቀጥቃጩ ዕድሜ ልኩን።

በአብዛኛው ግን ጎጃም ያየው ትልቅነት ሌላ ዓይነት ነው። ትልቅ ሰው ማለት የሚያበላ ሳይሆን የሚቀርብለት ሰው ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን የሣሉት እንዲህ ነው። ፊታውራሪ ከሥርዓቱ ውጭ አምጡ ይላሉ፤ ባላገሩ እምቢ ይላል። ሊቀጡት ዘመቱ፤ ተማርከው ተመለሱ። ተማሪዎቼ እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። እኔ ደግሞ ሣቁን አስቆምና መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም፣ የጎጃም ባላገር በእውነት መነሣቱን እነግራቸው ነበር። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። ባላገሩ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በሌሎችም አውራጃዎች አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ዘመተ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ያን ጊዜ ባላገሩ አልሰጥም ያለው ለግብር ሰብሳቢ ነው። በዚያው ዓመት የቆሎ ተማሪ ደጃፉ ላይ ቢቆም ግን ቁራሹን አይከለክለውም ነበር። ትልቁ ሰው በሠራዊት ያላገኘውን ትንሹ ልጅ በአንድ ቃል ያገኝ ነበር ማለት ነው። የሥልጣንን ነገር ለሚመራመር ሰው ከዚህ የበለጠ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ወዳጄ፣ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል፣ ይህን ስነግረው ይናደዳል። «አንተ ልመናን ትቀድሳለህ» ይለኛል። «ልጆቹ የሚበሉት ያጡት የሚመግብ ሥርዓት ስላልነበረ ነው። ቁራሽ እየሰጡ ሥርዓቱን አቆዩት። ርኅራኄ የፍትሕ ምትክ ሆኖ ድሃውን ድሃ አድርጎ አኖረው።» ከንግግሩ ግማሹ እውነት ነው። ቁራሽ የመሬት ጥያቄን አልፈታም፤ ሊፈታም አይችልም። የልጆቹ እግር በእሾህ መድማቱ ለቅኔ ጣዕም ይጨምራል የሚሉኝን ሰዎች እኔም አልሰማቸውም።

ግን ወዳጄ አንድ ነገር ይዘነጋል። ሥርዓት የሚባለውም በመጨረሻ የሚመጣው አንድ ደጃፍ ላይ ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይዤ ወረፋ ስጠብቅ ያየሁት ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት የሚያወራ ጽሑፍ በቀለም ተለጥፏል። ከፊቴ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ብጣሽ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። የመጀመሪያው መስኮት «ነገ ይምጡ፣ ኃላፊው የለም» አላቸው። ለከተሜ «ነገ» ማለት ነገ ነው። ለሽማግሌው ግን «ነገ» ማለት የመኪና ደርሶ መልስ ነው፣ የአልጋ ኪራይ ነው፣ ሳይታረስ የሚያድር መሬት ነው፣ ጠባቂ ያጣ ከብት ነው። የኔ ቢጤው አስተማሪ ይህን በሁለት ገጽ ያብራራል። ከመዝገብ ቤት ብቅ ያለች አንዲት ልጅ ግን ምንም አላብራራችም። «አባባ፣ መኪናዎ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለቻቸው። «ስምንት ሰዓት» አሉ። ወንበሯን ስባ አስቀመጠቻቸው፣ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ፋይሉን ፈልጋ አወጣችና የሚፈርም ሌላ ሰው ፍለጋ ደረጃውን ወጣች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌው ወረቀታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። መርቀዋት ነው የወጡት፤ «የወላድ አንጀት ይስጥሽ» ሲሉ ሰምቻለሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ግምገማ ላይ ከእሷ እኩል ነጥብ ሳያገኝ አይቀርም። ነጥብ የሚሰጠው ቅጽ «መኪናዎ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ረድፍ የለውማ።

ያቺ ልጅ መሪ ናት ወይ? ሥልጠናው ላይ የነበረው ወጣት ቢሆን «ናት!» ብሎ በቀይ ቀለም ያሰምርባታል። እኔ ይህን ቃል ልሰጣት አልፈልግም። «መሪ» ብለን ከሰየምናት ያው እንደ ሊዮ፣ አገልጋይነቷ ብቻውን አልበቃ ብሎን በስውር ጌታ እያደረግናት ነው። መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ሽማግሌውን አየች። መስኮቱ ያላየውን አየች። እንዳየቻቸው ይበቃታል።

ርኅራኄ ሰውን እየጎተተ ራሱ መሪ የሚያደርግበት ጊዜ ግን አለ፤ እሱን አልክድም። ለዚህ ከጎጃም ወጥቼ እስከ ግሸን ልሂድ፤ ነገሩ የጀመረው እዚያም በዳቦ ነውና። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ ወሎ በረኃብ ተይዛ ነበር። መንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ይዘውት የነበረው ዳቦና ጠበል ነው፤ ያን አካፈሉ። ሕፃኗንና ሌላ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ባላቸው «ወይ እኔ ወይ ልጆቹ» አሉ፤ አበበች ልጆቹን መረጡና ከቤታቸው ወጡ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። በስማቸው የሚጠራው ድርጅት የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮሮና በሽታ አረፉ፤ እስከዚያ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በእጃቸው አልፈዋል።

ስለ ሴትየዋ ሲነገር ሁልጊዜ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» ይባላል። ለምን በራሳቸው ስም እንደማንጠራቸው አይገባኝም። እንጀራ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው መለኪያ ለማግኘት ካልካታ ድረስ መሄድ ነበረብን? እኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ የልጆቹ ብዛት አይደለም። ግሸን ሲሄዱ ድርጅት ለማቋቋም አላሰቡም፤ ስለታቸውን አድርሰው ቤታቸው ሊመለሱ ነበር። ዳቦውን የሰጡ ዕለት የሚከፍሉትን ዋጋ አያውቁም ነበር። ትዳራቸውን ከፈሉ፣ ሰላማቸውን ከፈሉ። ሥልጠናው ላይ ስለ አገልጋይ መሪነት ጥቅሞች ሰባት ነጥብ ተዘርዝሮልን ነበር። ዋጋው የሚል ነጥብ አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው ጎጃም ዋጋ እየከፈለ ባለበት ዘመን ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙ ቤት ዘግቷል፤ መንገድ ተዘግቶ ያውቃል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ያውቃል፣ ገበያ ተበትኖ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሕዝብን እመራለሁ የሚል አይጠፋም፤ ከወዲህም አለ፣ ከወዲያም አለ። ሁሉም ለሕዝቡ ሲል እንደሆነ ይናገራል። ሕዝቡ ደግሞ ማታ የመጣውን ሁሉ ያበላል፤ አንዳንዱን ወዶ፣ አንዳንዱን ፈርቶ። የሚበላው ማን እንደሆነ ሲለዋወጥ ኖሯል፤ የምትጋግረው ግን ሁልጊዜ ያቺው ሴት ናት።

የቆሎ ተማሪ ዛሬም አለ፤ ቁጥሩ እንደ ድሮው አይሁን እንጂ። በቅርብ ዓመታት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለሁ፣ ከምሽቱ በፊት አንድ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ደበሎ አልለበሰም፤ የተቀደደ ሹራብና የላስቲክ ጫማ ነው። አኩፋዳው ግን ያው አኩፋዳ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ፣ በዚያች በምትጎተት ዜማ። የጎረቤት ሴት ወጡ። ዓመቱ መልካም አልነበረም፤ ማዳበሪያ በሰዓቱ አልደረሰም ሲባል ሰንብቷል። «ልጄ፣ እንጀራ የለኝም፤ ዛሬ ቆሎ ነው» አሉትና በሁለት እጃቸው አፍሰው አኩፋዳው ውስጥ ጨመሩለት። ልጁ እጅ ነሣ። ቶሎ አልሄደም። «እናቴ፣ ስመ ክርስትናዎን ይንገሩኝ፤ በጸሎት እንዳስብዎ» አላቸው። ሴትየዋ ወደ ጮቄ በኩል አዩ፤ ደመናው ጠቁሯል።

«ስሜ ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ» አሉት። «ይልቅ ዝናቡ ሳይደርስብህ ወንዙን ተሻገር።»